መድኃኒትም በሚዛን ይሁን

የመርካቶ ገበያተኛ ተጠራጣሪ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በርበሬ ሲገዛ ዛላውን ሰብሮ ያሸታል፤ ቡና ሲገዛ ፍሬውን በመዳፉ ላይ በትኖ ያያል፤ ዕቃው ከመመዘኑም በፊት ባዶው ሚዛን መስተካከሉን ይመለከታል። ይህ ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ያው ሰው ጥቂት እልፍ ብሎ ሥራ ሥርና ቅጠል ከሚሸጥበት መደብ ሲደርስ፣ «ይህ ለካንሰር ፍቱን ነው» ከተባለ፣ ስንቱ ይበቃል? በምን ተለካ? ብሎ ሳይጠይቅ አስጠቅልሎ ይሄዳል። ለበርበሬ ያልነፈግነውን ጥያቄ ለሕይወታችን መንፈጋችን የሚያሳዝን ነው።

ስለዚህ የአንድ መድኃኒት ኃይል እንዴት እንደሚለካ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በአጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን። ለምሳሌ የምንወስደው ፕሮቲን ካይኔዝ የሚባሉትን ነው።

ካይኔዝ በሕዋስ ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም ነው። ኤቲፒ ከሚባለው የኃይል ምንጭ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፤ በዚህም ሕዋሱ እንዲያድግ፣ እንዲባዛ ወይም እንዲያቆም ትእዛዝ ይተላለፋል። በሰው አካል ውስጥ ከ500 የሚበልጡ የካይኔዝ ዓይነቶች አሉ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር ግን 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠው፣ ማቆም የማያውቅ አንድ ካይኔዝ ይፈጠራል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ያለ ልክ ይበዛሉ። ይህንን ካይኔዝ የሚገታው ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። በአገራችንም የዚህ በሽታ ሕሙማን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ ሲያገኙት ቆይተዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለው መድኃኒት ብርቱ መሆኑ በምን ይታወቃል? አሠራሩ ለሰሚው የሚከብድ አይደለም። በአንድ ሰሌዳ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ካይኔዙ፣ ኤቲፒውና ፎስፌት የሚለጠፍበት ፕሮቲን በእኩል መጠን ይጨመራል። ከዚያም መድኃኒቱ ከብዙ ወደ ጥቂት ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ በየጉድጓዱ ይገባል። አንዱ ጉድጓድ ያለ መድኃኒት፣ ሌላው ያለ ካይኔዝ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። በመጨረሻ የካይኔዙን ሥራ በግማሽ የቀነሰው መጠን ይፈለጋል፤ ይህም አይሲ50 ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱ ብርቱ ነው። አንዱ በ10 ናኖሞላር፣ ሌላው በ10,000 ናኖሞላር ሥራውን በግማሽ ቢቀንሱ፣ የፊተኛው ከኋለኛው 1,000 እጥፍ ይበረታል። ሁለቱም ግን «ገቱ» ይባላሉ! መጠኑ ያልተነገረ «ገታ» ምንም እንዳልተባለ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ በብዛት ከፈሰሰበት ብዙ ነገር በብልቃጥ ውስጥ ያለን ኢንዛይም ሊያቆም ይችላል።

ቁጥሩም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። አብዛኞቹ እነዚህ መድኃኒቶች ኤቲፒ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚሻሙ ናቸው። በሙከራው ላይ ኤቲፒ አነስተኛ ከሆነ ተሻሚ ስለሌለ መድኃኒቱ ብርቱ መስሎ ይታያል፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ግን ኤቲፒ እጅግ ብዙ ስለሆነ ያው መድኃኒት ሊደክም ይችላል። እንግዲህ ሁለት ቁጥሮች የሚነጻጸሩት የተለኩበት ሁኔታ አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ብርታት ብቻም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ስታውሮስፖሪን ካይኔዝን በመግታት እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ጥፋተኛውንና ንጹሑን ሳይለይ እጅግ ብዙዎቹን ካይኔዞች አንድ ላይ ስለሚገታ እንደተገኘ ለሕሙማን የሚሰጥ አልሆነም። ስለዚህ አንድ ዕጩ መድኃኒት በሚፈለገው ካይኔዝ ላይ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሌሎችም ላይ ይፈተናል።

ይህን ስንል የአገራችንን ዕፅዋት መናቃችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲያዩ፣ «እንዶድ ይገድላል» ብለው አልተቀመጡም። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለመግደል በስንት ውኃ ስንት እንዶድ እንደሚያስፈልግ ወደ መለካቱ ገቡ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየቦታው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች በማወዳደር፣ ዓይነት 44 የተባለውን በብርታቱ መረጡ። ለዓይን አንድ የሚመስሉትን ተክሎች የለያቸው ልኬት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት እንዶድን ስላወደሱ ሳይሆን ስለመዘኑት ነው። ባህላዊ መድኃኒትን ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው የሚመዝነው ሰው ነው ብለን እናምናለን።

«ድሃ ሰው ተስፋ አድርጎ ቅጠል ቢጠጣ ምን ይጎዳል?» የሚሉን ይኖራሉ። ጉዳቱ ጊዜ ነው። ኃይሉ የታወቀ መድኃኒት ያለው በሽታ የያዘው ሰው ኃይሉ ባልታወቀ ቅጠል ወራት ሲያሳልፍ፣ በሽታው ግን አይጠብቀውም። በክኒን ሊገታ ይችል የነበረው ሉኪሚያ ወደ ክፉው ደረጃ ከተሸጋገረ በኋላ ያው ክኒን እንደ መጀመሪያው አይረዳም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤታችሁ «ይህ ቅጠል በላቦራቶሪ ካንሰርን ገታ» የሚል ማመልከቻ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ በአገር ፍቅር ስሜት ብቻ አትፈርሙ፤ በንቀትም አትጣሉት። አራት ነገር ጠይቁ። ሥራውን በግማሽ የቀነሰው መጠን ስንት ነው? በምን ሁኔታ ተለካ? ሌላስ ምን ይገታል? ያን ያህል መጠን በሰው ደም ውስጥ ያለ ጉዳት ሊደርስ ይችላልን? መልስ ካለ አመልካቹን በሚቻላችሁ ሁሉ እርዱት። ከሌለም ለክቶ እንዲመለስ መንገዱን አሳዩት።