ሰው ሳይመዘግብ የተዘጋ ጥናት፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ኤልሲ ከፍቶ፣ መጋዘን ተከራይቶ፣ ለትራንዚተር ከፍሎ ዕቃው መርከብ ላይ ሳይጫን ውሉ የፈረሰበት አስመጪ ኪሳራውን ለማስረዳት አይቸገርም። ደረሰኙን ከኪሱ ያወጣል፤ ባንኩም፣ ደላላውም፣ የግብር ሠራተኛውም ይገባቸዋል። በሕክምና ምርምር ገበያም ይኸው ዓይነት ኪሳራ በየጊዜው ይደርሳል፤ ዳሩ ግን የሚተርፈው ማስታወሻ አንዲት ቃልና አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። «ተሰርዟል፤ የተሳታፊ ብዛት 0»።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ በ2000 ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ውስጥ ሳይጠናቀቁ የቆሙ ጥናቶች በሦስት ይከፈላሉ። ለጊዜው ቆሞ ሊቀጥል የሚችለው «የታገደ» ነው። ሰው መዝግቦ መሐል መንገድ ላይ የቀረው «የተቋረጠ» ነው። አንድም ፈቃደኛ ሳይመዘግብ የተዘጋው ደግሞ «የተሰረዘ» ይባላል። የአክሲዮን ገበያው ሁለተኛውን ያውቀዋል፤ ጥናቱ የተቋረጠበት የመድኃኒት ኩባንያ አክሲዮን በማግስቱ ሊወድቅ፣ ሥራ አስኪያጁም መግለጫ ሊሰጥ ይችላል። ሦስተኛውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ሕጉም ቢሆን አያየውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ በ2007 ያወጣችው ሕግ ግዴታው የሚመለከታቸው አጥኚዎች ዋናው መረጃ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ውጤቱን ይፋ እንዲያደርጉ ያዛል፤ ሲወጣም በቀን እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ቅጣት ደንግጎ ነበር። ከዜሮ ሰው ግን ውጤት አይገኝምና የተሰረዘ ጥናት ሪፖርት አይጠየቅበትም። የሚጠየቀው የተሰረዘበትን ምክንያት በአጭሩ መጻፍ ነው። እዚያም ላይ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ «የስፖንሰሩ ውሳኔ»፣ «የገንዘብ እጥረት»፣ «ዋናው ተመራማሪ መሥሪያ ቤቱን ለቀዋል» የሚል ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቀብድ የተቀበለበትን ውል አፍርሶ «የራሴ ውሳኔ ነው» ቢል ሽማግሌዎቹ ምን ይሉት ነበር?

የሆነ ሆኖ መሰረዝ ሁሉ ነውር አይደለም። እንዲያውም ለማቆም ከሁሉ የረከሰው ሰዓት ያ ነው፤ የሰው ክንድ ላይ መርፌ አላረፈም፣ የታመመ የለም፣ ካሳ የሚጠይቅም የለም። የፔቭ 100 ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በደቡባዊና በምሥራቅ አፍሪካ 8,500 ሰዎችን አሳትፎ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ የኤች.አይ.ቪ ክትባት ሙከራ አዘጋጅተው ነበር። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2007 ተመሳሳይ ተሸካሚ ቫይረስ የተጠቀመው የመርክ ኩባንያ ክትባት ከበሽታው እንደማይከላከል ታወቀ፤ ይባስ ብሎ አንዳንድ ተከታቢዎችን ይበልጥ ሳያጋልጥ እንዳልቀረም ተጠረጠረ። ፔቭ 100 መጀመሪያ ወደ 2,400 ሰውና ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ተደረገ። በጁላይ 2008 ደግሞ ዶክተር አንቶኒ ፋውቺ ጥናቱ በዚያም መልኩ እንደማይካሄድ አስታወቁ። ይኸው ክትባት በአሜሪካ ብቻ በተወሰነ ሌላ ጥናት ከ2009 ጀምሮ ተሞክሮ በኤፕሪል 2013 አልሠራም ተብሎ ቆመ። ስለዚህ የፋውቺን ውሳኔ ኪሳራ ብሎ የሚመዘግብ ሒሳብ ሠራተኛ ካለ መዝገብ አያያዝ አልተማረም። ምክንያቱ በአደባባይ ተነግሯል፤ ገበያውም ትምህርት አግኝቶበታል።

የሃይድሮክሲክሎሮኪን ግርግር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ በማርች 2020 ከማርሴይ የወጣ ጥቂት ሕሙማንን ያየ ጥናት ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ተመራማሪ ሁሉ ያንኑ አንድ መድኃኒት ለመሞከር ተሰለፈ። ባለፈው ዓመት ሽንኩርት ተወደደ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሽንኩርት ሲዘራ የሚሆነውን ገበሬም ነጋዴም ያውቀዋል። በጁን 5 የብሪታንያው ትልቅ ጥናት መድኃኒቱ ሆስፒታል ለተኙ የኮቪድ ሕሙማን እንደማይጠቅም ሲያስታውቅ፣ በአሥረኛው ቀንም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃዱን ሲያነሣ ከተሰለፉት ብዙዎቹ አንድ ሰው ሳይመዘግቡ ተበተኑ። እዚህ ላይ የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሌላ መድኃኒት ሊመረምሩ ይችሉ የነበሩ ሐኪሞች ጊዜም አብሮ ባክኗል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ፈቃድ አልተገኘም» በምትል አጭር ሐረግ ሥር የሚቀበረው ነው። ካምቦዲያን እንመልከት። እ.ኤ.አ በ2004 በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ 960 ሴቶች ቴኖፎቪር የተባለውን እንክብል በየቀኑ ወስደው ከኤች.አይ.ቪ ይጠብቃቸው እንደሆነ ሊፈተሽ ታስቦ ነበር። መድኃኒቱን የሚያቀርበው የአሜሪካው ጊሊያድ ኩባንያ ነው። ሴቶቹ በማኅበራቸው በኩል አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ከዓመታት በኋላ ጉዳት ቢደርስብን ማን ያሳክመናል አሉ። የ30 ዓመት የጤና ኢንሹራንስም ጠየቁ። ለጥያቄያቸው የሚያረካ መልስ አላገኙም። በኦገስት 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር ሁን ሴን ጥናቱን ሳይጀመር አስቆሙት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለገበያ ሰው ልብ የሚነካ ነው። ቴኖፎቪርን ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ የያዘው ትሩቫዳ በሌሎች አገሮች ተሞክሮ ተሳካ፤ በጁላይ 2012 ለመከላከያነት በአሜሪካ ተፈቀደ። ኩባንያው ሸጠ፤ የካምቦዲያ ሴቶች ግን ከድርድሩም ከጥናቱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጥያቄያቸው ስህተት ነበር ማለት ግን አይቻልም። ማንም ጤነኛ ነጋዴ ዋስትና ሳይጽፍ ዕቃ አያስረክብም፤ እነዚህ ደግሞ የሚያስረክቡት ገላቸውን ነበር። ጥፋቱ ዋስትናውን ገና ከጅምሩ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባው ወገን ነው።

ጋናም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። በጁን 2015 የኢቦላ ክትባት ሙከራ ሊጀመር ሲል የሕዝብ እንደራሴዎች ጮኹ፤ ኢቦላ ባልገባበት አገር ለምን እኛ ተባለ፤ የጤና ሚኒስትሩም አገዱት። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ መስጠቱ አላዳነውም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ሰፈሩን ሳያማክር ግንባታ የጀመረ ባለሀብት ይህን ታሪክ ቢሰማ አይደንቀውም።

በቅርቡ ደግሞ ምክንያቱ ከሰፈርም ከሳይንስም ያልመጣ ስረዛ ታይቷል። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ሲያግድ፣ ብሪሊያንት የተባለው በደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች የሚመራ የኤች.አይ.ቪ ክትባት ጥናት የመጀመሪያ ተሳታፊዎቹን ሊከትብ ጥቂት ጊዜ ቀርቶት እንዲቆም ታዘዘ። ገንዘቡ የሚመጣው በወቅቱ ከነበረው የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ነበርና ላቦራቶሪው ተደራጅቶ፣ ሠራተኛው ሠልጥኖ ሳለ ሥራው ባለበት ቆመ። ተመራማሪዎቹ ሥራውን አነስ አድርገው በሌላ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ደፋ ቀና ማለት ግድ ሆነባቸው። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሻጭ ምን ጊዜም ስጋት ላይ ነው፤ ቡና ላኪዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ኢትዮጵያ በዚህ ገበያ እንግዳ አይደለችም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በአጭር ጊዜ ለማከም የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2019 የታተመው ስትሪም የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት አዲስ አበባ ላይ ሕሙማንን አሳትፏል። ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ አብረው የያዟቸው ሰዎች የሚታከሙበትን መንገድ የፈተሸው ጥናትም ጎንደርና አብደራፊ ላይ ተሠርቷል። እነዚህ ከዳር የደረሱ ናቸው። ሌሎች ሲመጡ ደግሞ የግል ሆስፒታል ባለቤቱ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪው፣ የኢንሹራንስ ኩባንያውና አጓጓዡ ድርሻ ይኖራቸዋል፤ ሊኖራቸውም ይገባል።

እንግዲህ እነዚህ ወገኖች የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመምጣቱ በፊት ምን ያህል ወጪ እንደሚወጣ አስልተው ያውቃሉ? የሥነ ምግባር ገምጋሚዎች ማመልከቻ አለ። የስምምነት ቅጹ ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ይተረጎማል። ነርሶች ይሠለጥናሉ፤ ብርቱ ማቀዝቀዣ ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋ የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተርም ይፈለጋል። የተሳታፊዎቹ ኢንሹራንስ አስቀድሞ ይገባል። ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት በልዩ ፈቃድ ጉምሩክን ያልፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ክፍያው ግን «በተመዘገበ ሰው ልክ» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ዜሮ ሰው ማለት ዜሮ ብር ነው። በሩቅ አገር ያለው ስፖንሰር በአንድ ደብዳቤ ይወጣል፤ የቤት ኪራዩና የማቀዝቀዣው ዕዳ እዚሁ ይቀራል።

ስለዚህ ፊርማው ከመስፈሩ በፊት ድርድሩ ከዝግጅቱ ክፍያ መጀመር አለበት፤ ይህም ጥናቱ ቢሰረዝም የማይመለስ ቀብድ መሆን ይገባዋል። የስረዛ ማስጠንቀቂያ ቀንም በቁጥር ይጻፍ። ምክንያቱ በዝርዝር ለአገር ውስጥ አጋሩና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ እንዲሰጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ሊኖር ይገባል፤ ምክንያቱም ጥናቱ በሳይንስ የቀረ እንደሆነና በገንዘብ የቀረ እንደሆነ ቀጣዩ ስፖንሰር የሚያየው ያው «ተሰርዟል» የሚለውን ቃል ነው። ክሊኒኩ ባልሠራው ጥፋት ሰው መመዝገብ ያቃተው ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

አንድ የተረሳ ነገር ደግሞ አለ። ለጥናቱ የመጣው መድኃኒት «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ፋርማሲ ወስደው አይሸጡትም፤ ለሌላ ሕመምተኛም በችሮታ አይሰጥም። ወይ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ወይ በሥርዓቱ ይወገዳል፤ እስከዚያው ግን በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የመመለሻው ጭነት፣ የማስወገጃው ክፍያና የመጋዘኑ ኪራይ በማን እንደሚሸፈን ካልተጻፈ፣ ቁልፉን የያዘው የአዲስ አበባው አስመጪ በየወሩ የሚከፍለው ሒሳብ ይሆናል።