«ጎንበስ በሉ»

ከደባርቅ መናኸሪያ የሚነሣ መኪና ወንበሩ ስለሞላ ብቻ አይንቀሳቀስም። በመተላለፊያው በርጩማ ይደረደራል፤ ከዚያ በኋላም የሚቆም ሰው ይፈለጋል። ትራፊክ የሚቆምበት ቦታ ሲቃረብ ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጎንበስ በሉ» ይላል። ሁሉም ይጎነበሳል፤ ጋቢ የደረቡት አባት፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ተማሪው።

ስለ መንገድ ሕግ የሕዝቡን አስተያየት ማወቅ የሚሻ ባለሥልጣን ይህችን ደቂቃ ቢያይ ይበቃው ነበር። ትርፍ ሰው መጫንን የሚከለክለው ሕግ የወጣው ለተሳፋሪው ነው። ታዲያ ተሳፋሪው ከጠባቂው ተደብቆ ከሹፌሩ ጋር የሚያብረው ለምንድን ነው? በስብሰባ ሁሉ የሚሰጠው መልስ «የግንዛቤ እጥረት» ነው። ይህን መልስ አልቀበለውም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን ፈልፍለው ያወጡትን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ፍሬን እንቢ ሲል ምን እንደሚመጣ አስተማሪ አያሻውም። አደጋውን ያውቃል። ከዚህ መኪና ከወረደ ዛሬ ሌላ እንደማያገኝም ያውቃል።

በየዳን አስቡ፤ የራስ ደጀን አገር። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ቧሂት ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ ማዶ በሽተኛ ይዞ ለሕክምና ወደ ደባርቅ የተነሣ ቤተሰብ «ትርፍ ናችሁ» ተብሎ በብርዱ መሐል ቢወርድ፣ ሕጉ ከምን አዳነው?

ስለዚሁ መንገድ ዓለምም ተከራክሯል። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ አሰለፈው። ከምክንያቶቹ አንዱ በውስጡ የተሠራው መንገድ ነበር። በ2017 ከዚያ ዝርዝር ሲያወጣው ደግሞ ዋናውን መንገድ የሚተካ ሌላ መሠራቱን ቆጠረለት። ይህን ያነሣሁት ፓርኩ የሚጠብቀውን ዋልያ ለመውቀስ አይደለም፤ ዋልያ የእኛም ነው፣ ብርቃችን ነው። ነገር ግን ያኔ የተሠራበት ሥርዓት ትክክል ነበር፦ «ይህን ተዉ» ሲባል ምትክ ቀረበ። ለተሳፋሪው ግን ክልከላው ብቻውን መጣበት።

ሰኞ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቁመው ነበር። የጥፋት ነጥብ እየቆጠረ መንጃ ፈቃድ የሚያግደውን ደንብ ተቃውመው ነው። ከተማው በእግሩ ሄደ፤ መንግሥትም አፈጻጸሙን ለሦስት ወር አዘገየ። ባለ ታክሲው የሚያቆመው ሥራ ስለነበረው ተሰማ። የበየዳ ገበሬ ምን ያቆማል? ጉዞውን ቢተው የሚጎዳው ራሱ ነው። ስለዚህ አቤቱታውን የሚያሰማው በመጎንበስ ነው፤ መጎንበስ ደግሞ በሪፖርት ላይ አይወጣም።

ሕጉ ይላላ ማለቴ ግን አይደለም። ትርፍ ጭነት ቁልቁለት ላይ ይገድላል። አደጋ በደረሰ ማግስት «ትራፊኩ የት ነበር?» ብሎ የሚጮኸውም ያው የተጎነበሰው ሕዝብ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ነው። መኖርም መድረስም ይፈልጋል።

የምሟገተው ቁጥጥሩ ቦታውን እንዲለውጥ ነው። ሰው የሚቆጠረው ከመናኸሪያው በር ላይ ይሁን፤ እዚያ የተረፈው ሰው ቢያንስ ጥላ አለው፣ ዘመድ ቤት አለው፣ ተራውን ይጠብቃል። መታጠፊያ ላይ ከወረደ ያለው ገደልና ጭጋግ ነው። በገበያ ቀን ተጨማሪ መኪና የመመደብ ግዴታም እንደ ሹፌሩ ግዴታ በደንብ ይጻፍ፤ ያልመደበ ኃላፊም ይጠየቅ። ታሪፉም ይታይ፤ በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ጎማ እኩል አያልቅም፤ በሕጋዊ ወንበር ብቻ ጭኖ የማያዋጣው ሹፌር በርጩማውን ከየትም ያመጣዋል።

ያኔ ሁለተኛው መኪና ከኋላ ተራውን ይዞ እያለ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ» ቢል፣ ጋቢ የደረቡት አባት ቀና ብለው «ለምን ብዬ፣ ልጄ?» ይሉታል።