ፕሮጀክተሩን አጥፉት፤ ተማሪው ይናገር!

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ጥሪው ለእናንተ ነው!

አንድ የቡድን አሳይመንት ሽፋን አንሥታችሁ እዩ። ስድስት ስም ተደርድሯል። የሠራው አንዱ ነው፤ አምስቱ «ስሜን አስገባልኝ» ብለው የገቡ ናቸው። መምህሩ ይህን ያውቃል፤ ተማሪውም መምህሩ እንደሚያውቅ ያውቃል። ከዚያ ሻይ ላይ ተቀምጠን «የዘንድሮ ተማሪ ፍላጎት የለውም» እንላለን። ፍላጎቱ ከየት ይምጣ? ቀን ስላይድ ሲነበብለት ውሎ፣ ማታ ያንኑ ስላይድ ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝቶ ይሸመድዳል።

ነገሩ የሚታለፍ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ብዙዎች ግቢ የሚገቡት በሪሚዲያል በኩል ነው። እነዚህን ልጆች ሌክቸር በማብዛት አናድናቸውም።

«ተማሪ ተኮር ትምህርት» ሲባል ፊቱን የሚያዞር መምህር አለ፤ አልፈርድበትም። በየሥልጠናው ሰምቶት ሰልችቶታል፤ «አንድ ለአምስት» በሚባል አደረጃጀት ተማሪ ሲጠረነፍም አይቷል። ሐሳቡ ግን ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይመለስም፤ ለብቻው ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፣ ይዞ ይቀርባል፣ ይታረማል፣ ይነቀፋል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። በራብ ላይ ሆኖ እንዲያ የሚተጋው የሚያቀርበው የራሱ ነገር ስላለው ይመስለኛል።

ቦታችንም ለዚህ የታደለ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከተማው ውስጥ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚሁ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ የአንድ ማሽን ብልሽት ምክንያቱን እዚያ ሄዶ ይፈልግ። የታሪክና የቱሪዝም ተማሪ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ከስላይድ ከሚያነብ አንኮበር ይሂድ፤ ኮረብታውን ወጥቶ ይይ፣ ሽማግሌ ይጠይቅ፣ ለጎብኚ የሚሆን ማብራሪያ ጽፎ ይመለስ። የእርሻ ተማሪም ገበሬውን ገብሱ ማሳ ውስጥ ያግኘው።

ክፍሉ በተማሪ መታጨቁን፣ ደመወዙም ከወር ወር እንደማያደርስ እናውቃለን። ይህ እንዲስተካከል አብረን እንጠይቅ፤ ተማሪው ግን መልሱ እስኪመጣ አራት ዓመቱ ያልቅበታል።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ላልሠራ ጓደኛ ስም አታስገቡ፤ አንብባችሁ ግቡ፤ ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ መምህሩ ተማሪ ይዞ ሲወጣ መኪናውንና ደብዳቤውን አትከልክሉት። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ በራችሁን ክፈቱ። መምህራን፣ የፊታችን ሰኞ ፕሮጀክተሩን ሳትከፍቱ ግቡ፤ አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉና የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ለተማሪው ተዉለት!