የፋልከን ዲሽና የአብራሪዎቹ ልብስ

«ስታር ዋርስ፦ ዘ ፎርስ አዌከንስ» እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ብዙ ሰው «መርከቦቹም ልብሶቹም ያው የድሮዎቹ ናቸው!» ብሎ በደስታ አጨበጨበ። እኔን ያናደደኝ ግን ይኸው ነው።

እስቲ ሚሌኒየም ፋልከንን ተመልከቱ። በ1983ቱ «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» ላንዶ ዴዝ ስታር ውስጥ ሲያበራት ክብ ዲሿ ተገንጥሎ ቀረ። በ2015ቱ ፊልም በቦታው አራት ማዕዘን ዲሽ ተተክሏል። መርከቧ ተጎድታ እንደተጠገነች፣ ዘመንም እንዳለፈ ያለ አንዲት ቃል እንረዳለን። ዲዛይን ማደስ ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው እንሂድ። በታሪኩ 30 ዓመት ገደማ አልፏል። ኢምፓየሩ ወድቋል፤ አማፂዎቹ መንግሥት መሥርተዋል። የተሸነፈው ወገን የስቶርምትሩፐሩን ነጭ ጥሩር ትንሽ አለስልሶ ቢለብስ ይገባኛል፤ ተሸናፊ የድሮ ክብሩን ይናፍቃል። አሸናፊዎቹስ? ያው ብርቱካናማ የበረራ ልብስ፣ ያችው ኤክስ-ዊንግ፣ ሞተሮቿ ብቻ ግማሽ ክብ ሆነው። ያ ሁሉ ድል ምን ለወጠ ታዲያ?

«ቢቀየር ስታር ዋርስ አይመስልም» ትሉኝ ይሆናል። ዲሿ ሲቀየር ፋልከን ፋልከንነቷን አጣች እንዴ? አላጣችም!

ልብሱ የተሰፋው በገጸ ባሕርያቱ ልክ ሳይሆን በእኛ ትዝታ ልክ ነው። ለትዝታችን ሲባል የ1983ቱ ድል ከንቱ ቀረ። ይህን ማክበር አትበሉብኝ።