ማኅተሙ ያልተፈታ ሣጥን

ለሕፃናት ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ዕቃ፣ የሕፃን እጅ ሳይነካው በመቅረቱ ብቻ የአንድ መኖሪያ ቤት ዋጋ ሲያወጣ ማየት ኅሊናን የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ሄሪቴጅ የተባለው የአሜሪካ የሐራጅ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ከቀረበው የእንግሊዝኛ ፖኬሞን ካርድ የመጀመሪያ እትም 36 እሽግ የያዘና ማኅተሙ ያልተፈታ አንድ ሣጥን በ2021 በ408,000 ዶላር ሸጠ፤ ይኸው ቤት በ2024 ደግሞ በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ሳይከፈት የኖረውን፣ የ1979 የበረዶ ሆኪ ካርድ 16 ሣጥን የታጨቀበትን ካርቶን በ3.72 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ይህን የመሰለ ዜና የሰማ ብዙ ወጣት አዲስ የወጣ ሣጥን ገዝቶ፣ ሳይከፍት፣ ከመደርደሪያ ላይ ማኖርን እንደ ባንክ ቁጠባ መቍጠር ጀምሯል። እኔ ግን ይህ ልማድ ሀብት የሚፈልቅበትን ምንጭ ራሱን ያደርቃል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመን የዋጋውን ምንጭ እንመርምር። የ1999ኙ ሣጥን እንዲህ የተወደደው፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ሕፃናት ባገኙት ሳንቲም ሁሉ እሽግ እየገዙ፣ እየቀደዱ፣ ቻሪዛርድ የተባለውን እሳት የሚተፋ ዘንዶ እየፈለጉ፣ በትምህርት ቤት ግቢ እየተለዋወጡ፣ ካርዶቹ ጠርዛቸው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ተጫወቱባቸው ነው። እነርሱ በመክፈታቸው ያልተከፈተው አነሰ፤ ደስታውም በልቡናቸው ተቀርጾ ስለ ቀረ፣ አድገው የደመወዝ ባለቤት በሆኑ ጊዜ የልጅነታቸውን ተስፋ፣ እንደ ተዘጋ፣ በብዙ ገንዘብ ሊገዙት ወጡ። እንግዲህ ኅቱሙ ሣጥን ባለ ዕዳ ነው፤ ክብሩን ሁሉ የተቀበለው ከተከፈቱት ወንድሞቹ ነውና።

ለዚህ የአሜሪካ የቤዝቦል ካርድ ታሪክ አብልጦ ይመሰክራል። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ካሳተማቸው ካርዶች ሳይሸጡ ቀርተው መጋዘን ያጣበቡት፣ የኩባንያው ሰው ሳይ በርገር ራሱ እንደ ተረከው፣ በ1960 በጀልባ ተጭነው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተጣሉ፤ ከዚያ እትም የተረፈ አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በአንጻሩ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሮጌ ካርድ ዋጋ ማሻቀቡን የሰማው ሕዝብ አዲሱን ሣጥን እየገዛ ሳይከፍት ሲያከማች፣ ኩባንያዎቹም ፍላጎቱን አይተው ያለ ልክ ሲያትሙ፣ የዚያ ዘመን ሣጥን አብዛኛው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ከተገዛበት ዋጋ ብዙ ሳይርቅ ቀረ፤ የገንዘቡ የመግዛት አቅም መውረዱ ሲታሰብ ይህ ኪሣራ ነው። ወደ ባሕር የተጣለው ከበረ፤ ሁሉም የጠበቀው ረከሰ። ዛሬም እስከ መጋቢት 2024 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ ከ11 ቢሊዮን በላይ የፖኬሞን ካርድ ታትሟልና፣ አዲስ ሣጥን የሚያከማች ሰው ዕጣው ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል አጥብቆ ያስብ።

ማኅተሙም ቢሆን የሚታመንበት መጠን ውሱን ነው። ሣጥኑን የሸፈነው ስስ ፕላስቲክ በረቀቀ አጭበርባሪ እጅ ዳግመኛ ይታሸጋል፤ በቀደሙት እትሞች አብረቅራቂው ካርድ በጥቂቱ ስለሚከብድ፣ እሽጉን በሚዛን እየለዩ ከባዱን ለራስ ማስቀረትና ቀላሉን ለሌላ መሸጥ የታወቀ ተንኮል ነው፤ በቅርቡም በሲቲ ስካን መሣሪያ እሽጉን ሳይቀድዱ ውስጡን ማየት ተችሏል። ሎጋን ፖል የተባለው ዝነኛ አሜሪካዊ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን፣ ተመርምሮ እውነተኛ ነው የተባለለትን የስድስት ሣጥን ካርቶን በ2022 ሲከፍት፣ ከፖኬሞን ፈንታ የጂ.አይ. ጆ ካርድ ወጣለት። የሲቲ ስካን መሣሪያ የሌለው የኅቱም ሣጥን ባለቤት የያዘውን በእርግጥ ማወቅ የሚችለው ዋጋውን በማጥፋት ብቻ ነውና፣ ጥሪቱ የቆመው በሌሎች ቃል ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሕፃናቱ ከገበያው መገፋታቸው ነው። በግንቦት 2021 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በብሩክፊልድ ከተማ፣ ታርጌት ከተባለው መደብር ደጅ በካርድ ሰበብ ጠብ ተነሥቶ ሽጉጥ እስከ መመዘዝ ስለ ደረሰ፣ ድርጅቱ ካርዶቹን በመደብሮቹ ውስጥ መሸጥ ለጊዜው አቆመ፤ እንዲህም ሆኖ የአዋቂዎች ስስት የልጆቹን መደርደሪያ ባዶ አደረገው። መደርደሪያውን ጠርጎ የሚያከማች ሰው የዘር እህሉን በልቶ ለመኸሩ ጎተራ እንደሚሠራ ገበሬ ነው፤ ዛሬ እሽግ ሳይከፍት ያደገ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚናፍቀው ነገር አይኖረውምና፣ ሣጥኑን በውድ ዋጋ የሚገዛ ከወዴት ይመጣል?

ይህን ስል ያረጁትን ኅቱማን ሣጥኖች ክፈቱ ማለቴ አይደለም፤ ከዘመናቸው የተረፉ ጥቂቶች እንደ ታሪክ ምስክር ሊጠበቁ ይገባል፤ ከትርፍ ገንዘቡ አንዱን ስለ ፍቅሩ የሚያኖርም አይነቀፍም። የቤተሰብ ጥሪትና የልጅ ማስተማሪያ ገንዘብ ግን ኪራይ በማያስገባ፣ ወለድ በማይወልድ፣ ከነገ ገዢ ጉጉት በቀር ፍሬ በሌለው ነገር ላይ ሊጣል አይገባም። ስለዚህ በባሕር ማዶ ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቼ ሆይ፣ ልጃችሁ ካርድ ሲለምናችሁ አንድ እሽግ ግዙለት፤ በገዛ እጁ ይክፈተው፣ ከባልንጀራውም ጋር ይለዋወጥበት፤ ቁጠባውን ግን በስሙ በባንክ አኑሩለት። ጨዋታን ከጥሪት የለየ ወላጅ ልጁን ከአንዱም አያጎድለውም።