ሰዓቱ የጠፋበት ኮምፒዩተርና ያልተነበበው ዋርኒንግ

በዲፓርትመንታችን ኮሪደር ዘወትር ከሚሰሙት ምክሮች አንዱ «ኤረር አይደለም፣ ዋርኒንግ ነው፣ እለፈው» የሚለው ነው። ሲኒየር ለጁኒየር ይነግረዋል፣ ጁኒየሩም በተራው ያስተላልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በተለይ በአሮጌ ማሽን ለሚሠራ ተማሪ፣ ዋርኒንጉ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ኮዱ ሳይሆን ስለ ኮምፒዩተሩ አደረጃጀት ነው። ሳናነብ ስናልፈው የማሽኑን ጥፋት ወደ ራሳችን እናዞረዋለን።

ቀለል ካለው ልጀምር። ቦርላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ተርቦ ሲ ዛሬም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲ ድራይቭ ላይ የነበረው ፎልደር ኮፒ ተደርጎ ዲ ላይ ሲቀመጥ፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዳይሬክተሪስ» በሚለው ቦታ የተጻፈው አድራሻ አብሮ አይቀየርም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ሄደር ፋይሎቹን በድሮ ቤታቸው ይፈልጋል፣ ያጣቸዋልም። ተማሪው ምን ያደርጋል? የኢንክሉዱን መስመር ይሰርዘዋል። ኤረሩ ይሄድና በምትኩ «ፕሮቶታይፕ የለም» የሚል ዋርኒንግ ሊደረደር ይችላል። «እለፈው» የሚለው ምክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። አንድ የተሳሳተ አድራሻ ማረም በቂ ነበር እኮ።

ዋናው ጉዳዬ ግን የሰዓት ነገር ነው። በብዙ ዴስክቶፖች ማዘርቦርድ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ቀንና ሰዓት የሚቆጠረው በእሷ ነው። እሷ ስትሞት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ባዮሱ ወደተጻፈበት ዘመን ይመለሳል። ጭሮ ላይ መብራት በስንት ጊዜው እንደሚሄድ ለዚህ ቡለቲን አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ታዲያ ይህ ከኮምፓይለር ጋር ምን ያገናኘዋል? ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው ሜክ የሚባል ፕሮግራም፣ የትኛው ፋይል እንደገና ኮምፓይል መደረግ እንዳለበት የሚወስነው የፋይሎቹን ቀን በማወዳደር ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ኮድ በፍላሽ መጥቶ፣ ቀኑ 2009 የሚል ማሽን ላይ ሲከፈት፣ ሜክ «ይህ ፋይል የወደፊት ቀን አለው፣ ሥራው ያልተሟላ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይሄኛው እንኳ ደህና ነው፤ ቢያንስ ይናገራል። የባሰው ግልባጩ ነው። ኮምፓይል የተደረገው ፋይል በትክክለኛው ማሽን የተሠራ ሆኖ፣ ኮዱን ግን 2009 በሚለው ማሽን ላይ ብናርመው፣ የታረመው ኮድ ያረጀ ይመስላል። ሜክም «ሁሉም የተሟላ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ተማሪው ደጋግሞ ያርማል፣ ያስኬዳል፣ ውጤቱ ያው የድሮው ነው። እኔ ሳውቅ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ትክክል የነበረውን ሉፕ አፈራርሶ እንደገና ጽፎታል።

የኛ አገር ደግሞ የራሷ ተጨማሪ አላት። ባትሪው ሲሞት ቀኑን በእጅ የሚሞላ ሰው፣ በቅን ልቦና 2017 ብሎ በኛው አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ወይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስለሆነ 2:00 ይላል። የመጀመሪያው ማሽኑን ወደ 8 ዓመት ያህል፣ ሁለተኛው 6 ሰዓት ወደኋላ ይጎትተዋል። ጳጉሜን ላይ ምን እንደሚሞላ እግዜር ይወቅ። ብሮውዘሩ ዌብሳይቱን ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ካለም መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀኑን ነው።

«ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱ ራሱ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ካለ። ላቡ ውስጥ ኔትወርክ የሌላቸው ማሽኖች ላይ የሚቀመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፕ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከመቻራ መጥቶ ኮምፒዩተር በመጀመሪያ የነካው እዚሁ የሆነ ተማሪ፣ ማሽኑ ሊሳሳት እንደሚችል በምን ያውቃል? «ፕሮግራሚንግ አይሆነኝም» ብሎ ይደመድማል። የአንዲት ባትሪ ጉዳይ የትምህርት መስክ ያስቀይራል ማለት ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

መምህራኖቻችንን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በላብ ሪፖርት ላይ ዋርኒንጎቹም ይለጠፉ፣ ተማሪው የእያንዳንዱን ምንጭ ይጻፍ፣ ማርክም ይኑረው። የላብ ረዳቶችም ሴሚስተሩ ሳይጀመር እያንዳንዱን ማሽን ነቅለው ጥቂት ያቆዩትና፣ መልሰው ሲያበሩት ቀኑን ይዩ። የተሳሳተው ላይ ምልክት ይደረግበት። ባትሪው በካቻቪቴ ክዳኑን ከፍቶ በደቂቃዎች ይቀየራል፤ ለዚህ እኔና ጓደኞቼ ዝግጁ ነን።

እስከዚያው ላብ ስትገቡ ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን ዓመቱን ጨምራችሁ እዩ። ካስተካከላችሁት በኋላ በድሮው ቀን የተሠሩትን ኦብጀክት ፋይሎች አጥፍታችሁ፣ ኮዱን አንዴ ሴቭ አድርጋችሁ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ኮምፓይል አድርጉ።