«ቀመስ» እያለልን

«ቲንጅድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በንባብ ሲያጋጥመው «የተቀላቀለ» ብሎ ተርጕሞ የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ነው። ይህ ትርጕም ትክክል አይመስለንም። ቃሉ የመጣው ነክሮ ማቅለም ከሚል የላቲን ግሥ ነው፤ ይኸውም ጨርቁ ጨርቅነቱን ሳይለቅ ጥቂት ቀለም ያዘ ማለት ነው። የተቀላቀሉ ስንዴና ገብስ እንዲህ አይደሉም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አላጣም። እንግሊዝ በዓይኑ ያየውን እኛ በምላሳችን ቀምሰን ከተማ ቀመስ፣ ቆላ ቀመስ እንላለን። ለስሜት ሲሆን ደግሞ «አዘል» አለን፤ ኀዘን አዘል ሳቅ፣ ዛቻ አዘል ደብዳቤ። ጤና አዳም የተነከረበት ቡና ያው ቡና ነው።

ነገሩ ግን የትርጕም ፈተና ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአርሲ ሁሩታ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይውላሉ። የዚያ አገር ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ኦሮምኛ ቀመስ አማርኛ ሲናገር «ቋንቋውን አበላሸው» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። የሚስቀውን አንድ ነገር እንጠይቀው፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሌላ ሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ መውሰድን «ጉዲፈቻ» ሲል ቃሉን ያገኘው ከኦሮምኛ አይደለምን? በዚህ ምክንያት የሕጉ አማርኛ ተበላሸ ያለ ዳኛ እስካሁን አልሰማንም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ቀመስ»ን በደብተራችንም በመኝታ ቤታችንም በቦታው እናውለው። ከጎረቤቱ የቀመሰ ቋንቋ ተጨመረለት እንጂ አልጐደለበትም።